በእሳተ ገሞራ ጠረፍ ላይ ወደብ እንዴት ይታቀዳል? ለምሕንድስና ተማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው አካባቢ፣ ሲቪል ምሕንድስና የሚማሩ ወጣቶች ወደብን የመመረቂያ ሥራቸው ርዕስ ሲያደርጉ አያለሁ፤ ይህ መመሪያም የተጻፈው ለእነርሱ ነው። ርዕሱ ሩቅ ይመስላል። ባሕሩ ከእኛ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል፤ ብዙዎቹ ተማሪዎችም የመርከብ ገመድ የሚታሰርበትን ግድግዳ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ሆኖም እሳተ ገሞራ በሠራው፣ አሁንም በሚያናውጠው ጠረፍ ላይ ወደብ ለማቀድ ከሚያስፈልገው ዕውቀት ግማሹ የመሬት ዕውቀት ነው። እንጦጦን፣ ወጨጫን፣ ፉሪን፣ የረርንና ዝቋላን እያየ ያደገ ሰው በጥንት እሳተ ገሞራዎች መካከል የሚኖር በመሆኑ ይህን ግማሽ ከደጁ ሊማረው ይችላል። ሌላውን ግማሽ ደግሞ ባሕር ያላቸው አገሮች በብዙ ኪሳራ ከተማሩት መውሰድ ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ሐሳብ መያዝ አለበት። በእንዲህ ያለ ጠረፍ ላይ ፈጽሞ የማይጎዳ ወደብ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ዕቅዱ ሊመልሰው የሚገባው ዋና ጥያቄ አደጋው ሲደርስ የትኛው የወደቡ ክፍል ቢጎዳ እንደምንታገሥ፣ የትኛው ደግሞ በምንም ምክንያት መዘጋት እንደሌለበት የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ቦታ ሲመረጥ ካልተነሣ በኋላ በኮንክሪት ብዛት አይመለስም፤ አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ያሉት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ተራራውን ማንበብ

የተለመደ የወደብ ጥናት የሚጀምረው ከነፋስ፣ ከሞገድና ከውኃ ጥልቀት መረጃ ነው። እናንተ ግን ጀርባችሁን ለባሕሩ ሰጥታችሁ ጀምሩ። የአካባቢውን የከፍታ ካርታ ዘርግታችሁ የእሳተ ገሞራውን አፎች በሙሉ ምልክት አድርጉባቸው። በተራራው አናት ያለውን ዋናውን ጉድጓድ ብቻ ሳይሆን በየጎኑ የተደረደሩትን ትናንሽ ጉብታዎች ሁሉ ቁጠሩ፤ ምክንያቱም ቀጣዩ ፍንዳታ የግድ በአሮጌው አፍ አይወጣም። ከዚያም ከእያንዳንዱ አፍ ተነሥተው እስከ ባሕር የሚወርዱትን ሸለቆዎች በቀለም አስምሩባቸው፤ ቅልጥ አለትም ሆነ የጭቃ ጎርፍ ዝቅ ያለውን መሬት ተከትሎ ይወርዳልና። ማስመሩን ስትጨርሱ አንድ ደስ የማይል እውነት ካርታው ላይ ይታያችኋል። ከነፋስ የተከለለው፣ ለመርከብ እጅግ የተመቸው የባሕር ጥግ ብዙ ጊዜ ከተራራው የሚወርደው ሸለቆ የሚያበቃበት ቦታ ሆኖ ይገኛል።

ይህን በግልጽ ያሳየው በአይስላንድ ሄይማይ ደሴት የደረሰው ነው። ጃንዋሪ 23 ቀን 1973 ሌሊት ከከተማው ዳር መሬቱ ተሰንጥቆ ቅልጥ አለት መውጣት ጀመረ። በዋዜማው በነበረው ወጀብ ምክንያት የዓሣ አስጋሪ ጀልባዎቹ ከወደብ ሳይወጡ ስለቀሩ 5,300 ገደማ የሚሆኑት ነዋሪዎች በዚያው ሌሊት ደሴቲቱን ለቀው መውጣት ቻሉ። ቅልጡ በቀጠሉት ሳምንታት የወደቡን መግቢያ ሊዘጋ ሲቃረብ ሠራተኞች የባሕር ውኃ በፓምፕ እየረጩ ፊቱን አቀዘቀዙት፤ መግቢያው ተረፈ፣ የረጋው አለትም ወደቡን ከቀድሞው ይልቅ ከሞገድ ከለለው። ብዙ ጊዜ ከዚህ ታሪክ የሚነገረው የፓምፑ ጀብዱ ነው። ለዕቅድ አውጪ ግን የመጀመሪያው ሌሊት ይበልጣል፤ ሰው የተረፈው ጀልባው በቅርብ ስለነበረና መግቢያው ስላልተዘጋ ነው። ስለዚህ በካርታችሁ ላይ የወደቡ መግቢያ ከቅልጥ አለት መውረጃ በተቻለ መጠን ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ አድርጉ፤ ትላልቅ የውኃ ፓምፖች የሚተከሉበትን ጠንካራ መደብም ገና ከሥዕሉ ጀምሮ ቦታ ስጡት።

ከእኛ ቅርብ የሆኑ ማስረጃዎችም ጥቂት አይደሉም። በ1861 በኤርትራ ከሚገኘው ከዱቢ ተራራ የወጣው ቅልጥ አለት እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ደርሷል። በኖቬምበር 1978 በጅቡቲ፣ በአሳል ሐይቅና በጉበት አል ኸራብ መካከል፣ አርዱኮባ ለአንድ ሳምንት ያህል ፈንድቷል። በ2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ላይ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል፤ በኖቬምበር 2025 ደግሞ የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ አመድ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን ደርሷል። የእነዚህን ቦታዎች ካርታ ለልምምድ መጠቀም የሩቅ አገር ካርታ ከመጠቀም ይሻላል፤ የድንጋዩ ዓይነት፣ የስንጥቁ አቅጣጫና የመሬቱ ጠባይ ከምናውቀው ከስምጥ ሸለቆው ጋር የተያያዘ ነውና።

አንዳንድ ወደብ ከተራራው ሥር ሳይሆን በተራራው ሆድ ውስጥ ይገኛል። የፓፑዋ ኒው ጊኒው ራባውል የሰመጠ የእሳተ ገሞራ አፍ ባሕር ሞልቶት የተፈጠረ ድንቅ ወደብ ነው። በ1937 በወደቡ ግራና ቀኝ ያሉት ቩልካንና ታቩርቩር በአንድነት ፈንድተው 500 ያህል ሰው ሞተ። በሴፕቴምበር 1994 ሁለቱም እንደገና ሲፈነዱ ግን ነዋሪዎቹ ሌሊቱን ሙሉ የተሰማቸውን መንቀጥቀጥ እንደ ማስጠንቀቂያ ወስደው ስለወጡ የሟቾቹ ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነበር፤ ከተማው ግን በአመድ ተቀበረ፣ የአስተዳደር መቀመጫውም ወደ ኮኮፖ ተዛወረ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ወደብ ማቀድ የሚፈቀደው ወደቡ በሚሠራባቸው ቀናት ሁሉ ለሰው የተዘጋጀ መውጫ ሲኖር ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመሬቱ ከፍታም ቋሚ ነው ብላችሁ አትነሡ። በኢጣሊያ ኔፕልስ አጠገብ ባለችው ፖዙኦሊ ከ1982 እስከ 1984 ባሉት ዓመታት መሬቱ 1.8 ሜትር ገደማ ከፍ አለ፤ የወደቡ ጥልቀት በዚያው መጠን ስለቀነሰ ጀልባዎቹ የሚጠጉበት ዝቅ ያለ አዲስ መጠጊያ መሥራት ግድ ሆነ። ስለዚህ በካልዴራ፣ ማለትም በሰመጠ ሰፊ የእሳተ ገሞራ አፍ፣ አጠገብ ለሚታቀድ ወደብ ከማይነቃነቅ የኮንክሪት ግድግዳ ይልቅ ከውኃው ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ መጠጊያ ይመረጣል። የኮንክሪት ግድግዳ የግድ ከሆነም ከመደበኛው ጥልቀት በላይ ተጨማሪ ቁፋሮ ከወዲሁ መቆጠር አለበት፤ የመርከብ ገመድ ማሰሪያዎቹም በሁለት የተለያዩ ከፍታዎች መቀመጥ ይኖርባቸዋል።

በመጨረሻ የተራራውን ጎን ተመልከቱ። ልቅ በሆነ አመድና በተሰባበረ አለት ተደራርቦ የተሠራ፣ እግሩም ባሕር ውስጥ የቆመ ተራራ ያለ ብዙ ማስጠንቀቂያ ሊናድ ይችላል። ዲሴምበር 22 ቀን 2018 በኢንዶኔዥያ የአናክ ክራካታው ጎን ወደ ባሕር ሲናድ ያስነሣው ሱናሚ ከ400 በላይ ሰው ገድሏል። የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ የተዘረጋው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥን ለመለየት ስለነበረ ደወል አልተሰማም። ከዚህ የሚከተለው መመሪያ ግልጽ ነው፤ በእንዲህ ያለ ተራራ ፊት ለፊት የሚሠራ ወደብ በማስጠንቀቂያ ላይ ተማምኖ ሰው የሚያድርበት ሕንፃ በውኃው ዳር ሊኖረው አይገባም።

ቦታ ስትመርጡ አማራጮቹን የምትጥሉበት መለኪያ ይህ ይሁን፦ አንድ ክስተት ብቻውን የባሕሩን መግቢያና የየብሱን መንገድ በአንድ ጊዜ ሊዘጋ የሚችልበትን ቦታ ተዉት። ተማሪዎች የወደቡን ሥዕል አሳምረው ከወደቡ የሚወጣውን መንገድ በአንድ ቀጭን መስመር ሲያልፉት አያለሁ፤ ያ መስመር የጭቃ ጎርፍ የሚወርድበትን ሸለቆ ስንት ጊዜ እንደሚያቋርጥ ግን አይቆጥሩም። በካሪቢያኗ ሞንትሰራት ደሴት በ1995 የጀመረው ፍንዳታ በ1997 ዋና ከተማዋን ፕሊመዝን ከነወደቧ ቀብሯታል፤ ደሴቲቱም ከዚያ በኋላ በሰሜኑ ጫፍ በሌላ ቦታ ላይ አዲስ ማረፊያ መሥራት ነበረባት። ትልቁን ወደብ ሁለት ጊዜ መሥራት አይቻልም፤ ከተራራው በሌላ አቅጣጫ አነስተኛ የጀልባ መጠጊያ ማዘጋጀት ግን ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ነው። እኔ ብሆን በጀቱ ሲያጥር ከዋናው መጠጊያ ርዝመት ቀንሼ ይህችን ሁለተኛ መውጫ አስቀራታለሁ።

ድንጋዩን መፈተን

የሞገድ ሰባሪ ግንብ ከምንም በላይ የድንጋይ ሥራ ነው፤ ድንጋይን ደግሞ የአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገባ ያስተምራል። በየካባው ጥቁር ድንጋይ ይፈለጣል፤ በየመንገዱ ሥራ ሬድ አሽ ይደለደላል፤ በየብሎኬት ማምረቻው ፑሚስ ይቆለላል። ሦስቱም የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው፤ በባሕር ውስጥ ግን ዕጣቸው ለየቅል ነው። ካባ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ድንጋዩን በመዶሻ መትተው ድምፁን ያዳምጣሉ። ጤነኛው ጥቁር ድንጋይ እንደ ብረት ጠርቶ ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ወይም መበስበስ የጀመረው ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ከእነርሱ ጋር ግማሽ ቀን ማሳለፍ ለማንም ተማሪ የሚመከር ነው፤ የላቦራቶሪው ፈተና ከዚያ በኋላ ትርጉም ያገኛል።

እፍግታውን ራሳችሁ ለኩ። ድንጋዩን አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ አውጥታችሁ ላዩን በጨርቅ ካደረቃችሁ በኋላ መዝኑት፤ ከዚያም በገመድ አንጠልጥላችሁ፣ ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ ታቹን ሳይነካ ደግማችሁ መዝኑት። በአየር ላይ የመዘነውን ለሁለቱ ልዩነት ስታካፍሉት እፍግታው ይወጣል። በአየር 5.8 ኪሎ፣ በውኃ ውስጥ 3.8 ኪሎ የመዘነ ድንጋይ እፍግታው 2.9 ነው። ብዙ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ 2.4 ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ፑሚሱን ባልዲው ውስጥ ስትጥሉት ደግሞ ይንሳፈፋል።

ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። መሐንዲሶች ለመጀመሪያ ግምት የሚጠቀሙበት የሃድሰን ቀመር የአንዱን ድንጋይ ክብደት ከሞገዱ ከፍታ ኩብ ጋር ያያይዘዋል፤ ሞገዱ በእጥፍ ሲጨምር ድንጋዩ 8 እጥፍ መክበድ አለበት ማለት ነው። 5 ሜትር ከፍታ ላለው ሞገድ፣ ተዳፋቱ አንድ ለሁለት በሆነ (አንድ ሜትር ሲወጣ ሁለት ሜትር ወደ ጎን በሚሄድ) ግንብ ላይ፣ የመረጋጋት ቁጥሩን፣ ማለትም የድንጋዮቹን እርስ በርስ መያያዝ የሚገልጸውን የቀመሩን ቁጥር፣ 4 ብንወስድ፣ እፍግታው 2.9 የሆነ ድንጋይ እያንዳንዱ 7.5 ቶን ገደማ ቢመዝን ይበቃል። እፍግታው 2.4 ከሆነ ግን 15.5 ቶን ገደማ ያስፈልጋል። ምክንያቱ ባሕሩ ቀላሉን ድንጋይ ይበልጥ ስለሚያነሣው ነው። ካባው በቅርብ ስላለ ብቻ ቀዳዳማ ድንጋይ የመረጠ ሰው በክሬንና በማጓጓዣ ዋጋ እጥፍ አድርጎ ይከፍላል።

ሌላም የተደበቀ ችግር አለ። አንዳንድ ጥቁር ድንጋይ በውስጡ ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ የሸክላ ማዕድን ይይዛል፤ ከካባ ሲወጣ ጠንካራ ሆኖ ሳለ እየራሰና እየደረቀ ሲሄድ ይፈረፈራል። ስለዚህ ናሙናዎቹን ደጋግማችሁ አርጥቡና አድርቁ፤ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ መዝኑ፤ የወደቀውን ፍርፋሪ ለብቻው አስቀምጡ። ከባሕሩ በታች ያለውን መሠረት በተመለከተም እንዲሁ መጠራጠር ይገባል። በአቃቂ ወይም በቦሌ አራብሳ ጉድጓድ ሲቆፈር ያየ ሰው ከጥቁር መረሬው ሥር ጠንካራ አለት፣ ከአለቱ ሥር ደግሞ አንዳንዴ እንደገና ቀይ ለስላሳ አፈር ወይም ልቅ ሬድ አሽ ሊገኝ እንደሚችል ያውቃል። በባሕር ጠረፍም የቅልጥ አለት ንብርብር እንዲሁ ነው፤ በንብርብሮቹ መካከል ልል አመድ፣ የተሰባበረ አለት፣ አልፎ አልፎም ባዶ ዋሻ ይገኛል። የመሰርሰሪያው ማሽን ጠንካራ አለት ስለነካ ብቻ ሥራው እንዳይቆም፤ አለቱን አልፎ ከሥሩ ያለውን ንብርብር እስኪያሳይ ድረስ ይቀጥል።

የእሳተ ገሞራ አመድ በኮንክሪት ውስጥ ወዳጅም ጠላትም ሊሆን ይችላል። ሮማውያን ከፖዙኦሊ አካባቢ የሚወጣውን አመድ ከኖራ ጋር እየቀላቀሉ በባሕር ውስጥ የሚጠነክር ግንብ ሠርተዋል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ቆመዋል። በአንጻሩ መስታወት የሚመስለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጠጠር ሆኖ ሲገባ ከሲሚንቶው ጋር እየተጣላ ኮንክሪቱን ከውስጥ ሊሰነጥቀው ይችላል። ሁለቱንም የሚለየው ፈተና ብቻ ስለሆነ ጊዜውን በፕሮግራማችሁ ውስጥ አስገቡ።

ጥልቀቱና ሙሌቱ

የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ጠረፍ ብዙውን ጊዜ ከዳር ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል፤ ይህም የግንቡን መጠን ባልተጠበቀ ፍጥነት ያሳድገዋል። አናቱ 10 ሜትር ስፋት ያለው፣ ከውኃ በላይ 6 ሜትር የሚወጣ፣ ሁለቱም ጎኖቹ አንድ ለሁለት የሚያጋድሉ ግንብ አስቡ። ውኃው 10 ሜትር ጥልቀት ባለው ቦታ ላይ ለእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 672 ሜትር ኩብ ይፈልጋል፤ 30 ሜትር ጥልቀት ላይ ግን 2,952 ሜትር ኩብ ይደርሳል። አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል ብንል ከ42 ምልልስ ወደ 185 ገደማ ምልልስ መሸጋገር ነው፤ ይህም ለአንዲት ሜትር ብቻ። ጃፓን በካማይሺ እስከ 63 ሜትር ጥልቀት ድረስ የወረደ ግንብ በ2009 አጠናቅቃ ነበር፤ በማርች 2011 የመጣው ሱናሚ ክፉኛ አፈራረሰው። ግንቡ የውኃውን ኃይል ቢቀንስም ከተማውን ሊያድን አልቻለም። ስለዚህ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ረጅም ግንብ ከመዘርጋት ይልቅ ወደ የብስ ገብቶ ገንዳ መቆፈር ርካሽ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም አስሉ።

በሙሌት የተሠራ መሬት በመንቀጥቀጥ ጊዜ የሚያመጣው ጣጣ ለብቻው ሊታይ ይገባል። ውኃ የጠገበ ልቅ አፈር ሲንቀጠቀጥ ጥንካሬውን አጥቶ እንደ ፈሳሽ ይሆናል። በጃንዋሪ 1995 በጃፓን ኮቤ ወደብ ከግድግዳዎቹ ሥርና ጀርባ የነበረው ሙሌት እንዲህ ስለሆነ ግዙፍ የኮንክሪት ሣጥኖች በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ገደማ ወደ ባሕሩ ተንሸራተዋል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ከፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የተነሣው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ በፎቅ ላይ የነበረ ሁሉ ነገሩን በሰውነቱ ያውቀዋል፤ ያው ኃይል ውኃ በጠገበ የአመድ አሸዋ ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚያደርግ በዚያ ልክ አስቡት። መፍትሔው የታወቀ ነው። ሙሌቱን በንዝረት ማጥበቅ፣ የጠጠር ዓምዶች እየተከሉ ውኃው የሚወጣበት መንገድ ማበጀት፣ ከግድግዳው ጀርባም ጥሩ ድንጋይ መጠቀም ያስፈልጋል። የፑሚስ አሸዋ ግን በጫና ስለሚደቅቅ ለሌላ አሸዋ የተዘጋጁትን የጥንካሬ ሠንጠረዦች በቀጥታ አትጠቀሙበት።

ደለል፣ አመድና ተንሳፋፊ ድንጋይ

ወደቡ ከተሠራ በኋላ የሚዘጋው በቅልጥ አለት ብቻ አይደለም። በአይስላንድ ደቡብ ጠረፍ የሚገኘው ላንድኤያሆፍን በ2010 የተከፈተው ኤያፍያላዮኩል የተባለው እሳተ ገሞራ ከፈነዳ ከጥቂት ወራት በኋላ ነበር። ከተራራው የወረደውን አመድ የማርካርፍልዮት ወንዝ ወደ ባሕር ስላመጣው፣ በጥቁር አሸዋው ጠረፍ ላይም ሞገዱ አሸዋውን ያለማቋረጥ ስለሚያጓጉዘው መግቢያው በተደጋጋሚ ደለል ሞላው፤ መንገደኛ የምታመላልሰው ጀልባ በቀዝቃዛው ወራት ወደ ሌላ ሩቅ ወደብ ለመሄድ የተገደደችበት ጊዜ ብዙ ነው። በሃዋይ ፖሆይኪ ደግሞ በ2018 ኪላዌያ ሲፈነዳ ቅልጡ ከጀልባ ማውረጃው ደጃፍ ቆመ፤ ቅልጡ ባሕር ሲነካ የተፈጠረው ጥቁር አሸዋ ግን ማውረጃውን ከባሕሩ ሙሉ በሙሉ ለየው። ስለዚህ ከወደቡ አጠገብ የሚገባ ወንዝ ካለ አሁን የሚያመጣውን ደለል ብቻ ሳይሆን ከፍንዳታ በኋላ በሚኖሩት ዓመታት የሚያመጣውን ጭምር ገምቱ፤ የደለል ማውጫ መርከብ ዓመታዊ ወጪም በግንባታው ዋጋ ሥር ሳይሆን ለብቻው ተጽፎ ይታይ።

ተንሳፋፊ ፑሚስ ከዚህ ይለያል። በኦገስት 2021 በጃፓን ፉኩቶኩ ኦካኖባ የተባለ የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ፑሚሱ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተንሳፍፎ ኦኪናዋ ደረሰና ወደቦቹን ሸፈነ። ሞተር የሚያቀዘቅዘውን ውኃ የሚስቡ ቱቦዎች ስለተደፈኑ ጀልባዎች መንቀሳቀስ ተሳናቸው። ለዚህ የሚዘጋጅ ወደብ በመግቢያው ላይ የሚዘረጋ ተንሳፋፊ አጥር ያስቀምጣል፤ የወደቡን የውኃ መሳቢያዎች ደግሞ ከገጽ ዝቅ አድርጎ ይተክላል። ጣሪያዎችን በተመለከተ አንድ ቁጥር ይበቃል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የራሰ አመድ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ100 እስከ 200 ኪሎ ግራም ይጫናል። የመጋዘን ቆርቆሮ ጣሪያ ይህን እንዲሸከም ወይም አመዱ እንዲንሸራተት ሆኖ መነደፍ አለበት።

ገንዳው ከሱናሚ ጋር ሲገናኝ

የሱናሚ ፍጥነት የሚወሰነው በውኃው ጥልቀት ነው። 4,000 ሜትር ጥልቀት ላይ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ 10 ሜትር ላይ ወደ 36 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን ከፍታው ያድጋል። ከዚህ በተጨማሪ እያንዳንዱ የወደብ ገንዳ ውኃው ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝበት የራሱ ጊዜ አለው። ርዝመቱ 500 ሜትር፣ ጥልቀቱ 10 ሜትር የሆነ በአንድ በኩል ክፍት ገንዳ የሚወዛወዝበት ጊዜ 200 ሰከንድ ያህል ነው፤ የሚመጣው ማዕበል ተመሳሳይ ጊዜ ካለው ውኃው ዙር በዙር እየተነሣ ይሄዳል። ከተራራ ናዳ የሚነሣ ሱናሚ ከታላቅ መንቀጥቀጥ ከሚነሣው ይልቅ አጭር ጊዜ ስለሚኖረው ለትናንሽ ወደቦች በተለይ አስጊ ነው። የገንዳውን ርዝመት ስትወስኑ ይህን ስሌት አብራችሁ ሥሩ፤ ቀጥ ያሉ ግድግዳዎችንም በከፊል በድንጋይ ተዳፋት ተኩ፤ ተዳፋቱ የውኃውን ኃይል ይውጣልና።

ሞዴሉን በገዛ እጅ መሥራት

ባሕር በሌለበት አገር ግንብን በሞገድ መፈተን ይቻላል። በሠፈር ብረት ብየዳ ቤት 6 ሜትር ርዝመት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የላሜራ ገንዳ አሠሩ፤ በአንዱ ጎን መሐል ላይ ወፍራም መስታወት ይግባበት። በአንደኛው ጫፍ ከታች በማጠፊያ የታሰረ የእንጨት ሳንቃ ሞገድ ይፈጥራል። ግንቡ ከሌላኛው ጫፍ ቀረብ ብሎ ይቆማል፤ ከጀርባው የተከመረ ጠጠር ደግሞ ግንቡን ያለፈው ሞገድ ተመልሶ እንዳይመጣ ይውጠዋል። መጠኑን አንድ ለመቶ ካደረጋችሁ የ5 ሜትር ሞገድ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጊዜ ግን የሚቀንሰው በርዝመቱ ካሬ ሥር ስለሆነ በየ10 ሰከንዱ የሚመጣ ሞገድ በሞዴሉ በየአንድ ሰከንዱ ይመጣል። ክብደት በኩብ ስለሚቀንስ የ7.5 ቶን ድንጋይ 7.5 ግራም ይመዝናል፤ ይህም ከክሬሸር የወጣ አነስተኛ ጠጠር ነው። የሦስት ሰዓት ወጀብ በ18 ደቂቃ ይጠናቀቃል።

ጠጠሮቹን አንድ በአንድ በሚዛን ለዩአቸው፤ ከዚያም ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ቀለም ቀብታችሁ በግንቡ ላይ አግድም አግድም በየቀለማቸው ደርድሯቸው። ወጀቡ ሲያልቅ ቀዩ በነጩ መስመር ውስጥ ተገኝቶ ከሆነ የትኛው ከፍታ ላይ መንቀል እንደተጀመረ ወዲያው ይታያችኋል። ከሽፋኑ ድንጋዮች ከ5 በመቶ በታች ብቻ ከተነቀሉ ግንቡ እንደቆመ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ሞገዱን አሳድጉ፤ እስኪፈርስም አትቁሙ። የእሳተ ገሞራ ጠረፍ ግንብ ከተነደፈበት በላይ የሆነ ማዕበል አንድ ቀን እንደሚገጥመው ስለሚታሰብ እንዴት እንደሚፈርስ ማወቅ እንዴት እንደሚቆም ከማወቅ አያንስም። ቀስ እያለ የሚሟሽሽ ግንብ ሊጠገን ይችላል፤ በአንድ ጊዜ የሚናድ ግን የወደቡን መግቢያ ራሱ ይዘጋዋል።

ቁጥጥርና መውጫ

በዕቅዱ ውስጥ የመንቀጥቀጥ መለኪያ፣ የመሬቱን ማበጥ የሚከታተል የሳተላይት መረጃና በወደቡ ውስጥ የባሕር ከፍታ መለኪያ ይካተቱ፤ በእኛ አገር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጉዳዮች የሚያውቁ ባለሙያዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ይገኛሉ፤ ተማሪም ጥያቄ ይዞ ሊቀርባቸው ይችላል። መለኪያ ብቻውን ግን ማንንም አያወጣም። ለእያንዳንዱ የማስጠንቀቂያ ደረጃ ማን ትእዛዝ እንደሚሰጥ፣ እርሱ ባይኖር ማን እንደሚተካው፣ የትኞቹ መርከቦች እንደሚወጡና ነዳጅ የጫኑት በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚለቁ በጽሑፍ ይቀመጥ። ቅልጥ አለት ብዙውን ጊዜ ለመርከቦች መውጫ የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። የሩቅ ሱናሚም ጥልቀቱ ወደ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ወደሆነ ውኃ ለመድረስ ሰዓታት ሊሰጥ ይችላል። ከቅርብ ናዳ የሚነሣው ግን ደቂቃዎች ብቻ ይሰጣልና በዚያን ጊዜ ማንም ሰው ጀልባውን ለማዳን ወደ ውኃው እንዳይወርድ ደንቡ በግልጽ ይከልክል።

የእግረኛ ማምለጫ መንገዱን ከወደቡ አጠቃላይ ፕላን ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ሣሉት። ከእያንዳንዱ የሥራ ቦታ እስከ ከፍተኛው መሬት ያለውን ርቀት በሜትር ጻፉ፤ የሚፈጀውን ጊዜ ስታሰሉም ሮጦ የሚሄደውን ወጣት ሳይሆን ጭነት የያዘውን አዛውንት መለኪያ አድርጉ። መንገዱ የክሬን ሐዲድ ወይም የኮንቴይነር ክምር የሚያቋርጥ ከሆነ ክምሩ ይነሣ። ደረጃው መደገፊያ፣ ከመብራት ኃይል ውጭ በባትሪ የሚሠራ መብራትና አመድ ሲሸፍነው በእጅ እየተዳሰሰ የሚያዝ ገመድ ይኑረው፤ የእነዚህም ዋጋ በመጀመሪያው የግንባታ ውል ውስጥ ከሞገድ ሰባሪው ግንብ ቀጥሎ ባለው ተራ ላይ ይግባ።